«ስማቸው ተቀይሯል» ጎጃም ላይ አይሠራም

እውነተኛ ታሪክን እንደ ልብ ወለድ እያጣፈጡ መተረክ በማኅበራዊ ሚዲያ ደርቷል። ግርጌው ላይ «ለባለታሪኮቹ ደኅንነት ሲባል ስማቸው ተቀይሯል» የምትል መስመር ትገባለች፤ ጸሐፊውም ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል።

እስቲ «ምሥራቅ ጎጃም፣ እናርጅ እናውጋ ወረዳ ውስጥ፣ ከማርያም በታች የምትኖር፣ ጠላ እየሸጠች ሁለት ልጆች ያሳደገች፣ ታላቁ ሱዳን ሄዶ የቀረባት ሴት» ብላችሁ ጻፉ። ስሟን ጥሩነሽ በሉት አስካል፣ ለአገሬው ለውጥ የለውም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማን እንደሆነች ታውቆ ያደረ ነው። ስም ከተሸሸገ ደብሩም፣ ሙያውም፣ የልጆቹ ነገርም መሸሸግ አለበት። ታሪኩ በዚህ የሚፈርስ ከሆነ ሴትየዋን ማስፈቀድ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የደም ታሪክ ነው። ሰው ሲገደል ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ተመላልሰው፣ ካሣ አስቆርጠው፣ ሁለቱን ወገን አስምለው ያስታርቃሉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን መቆስቆስ ነውር ነው። ዓመታት አልፈው አንድ ጸሐፊ ይመጣና «ገዳዩ ፈገግ ብሎ ቃታውን ሳበ» ይላል። ፈገግታውን ማን አየ? ሟች የለም፤ ገዳይም አልተጠየቀም። ጸሐፊው ለማሳመር የጨመራት ናት። ለሟች ልጅ ግን ማሳመሪያ አይደለችም፤ ሽማግሌዎቹ ያልሰሟት፣ በካሣው ያልታሰበች አዲስ በደል ናት።

«በፉከራውም በሙሾውም ይጋነን የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ይጋነናል። ነገር ግን አልቃሿን ከብቦ የቆመው ሰው ሟቹን ያውቀዋል፤ የትኛው ለዜማው እንደገባ ይለያል። በስልኩ የሚያነብ የሩቅ ሰው በምን ይለየው? በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መሰቀሉ ታሪክ ነው። ገመዱ ሥር ቆሞ ምን እንዳሰበ የሚተርክልን ግን የራሱን ሐሳብ ነው የሚነግረን። «እንዲህ ያሰበ ይመስለኛል» ቢል ትረካው አይረክስም።

አሁን ደግሞ ጊዜው ከፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ውጊያ ውስጥ ባለው ጎጃም፣ ማን ለማን እንጀራ እንዳቀረበ፣ የማን ጎተራ እንደተከፈተ የምትናገር አንዲት አንቀጽ ሰው ታሳስራለች፤ ታስገድላለችም። እንዲህ ያለው ታሪክ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። ማንም አያሳድደንም።

ለሌላው መላው ቀላል ነው። ቡና አፍልታ የነገረችን እናት ለእንግዳ ነው ያወጋችው፤ በሺህ ለሚቆጠር አንባቢ አይደለም። ፊደል ካልቆጠረች ተቀምጠን እናንብብላት። «ይቺን አውጣት» ካለች ትውጣ፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገር መጣሉ ቢያንገበግብም።

ይህን መብት ግን ለሹም አልሰጥም። ባለሥልጣን በወንበሩ ላይ ሆኖ የሠራውን ከመታተሙ በፊት አንብቦ ይሰርዝ ማለት ሳንሱር ነው። ይጠየቅ፣ ምላሹም ይጻፍ፤ ከዚያ ያለፈ የለውም።