የቪዛ ፎርም ስህተት፦ አገር ቤትና አሜሪካ

አገር ቤት ወረቀት ላይ ስህተት ሲገኝ ሰው ፍለጋ ይኬዳል። ማመልከቻ ተጽፎ፣ ምስክር ቀርቦ፣ ማኅተም ተመትቶ ይስተካከላል። አሜሪካኖች ዘንድ ግን ስህተቱን ቀድሞ ማረም የባለጉዳዩ ፈንታ ነው። የጎብኚና የተማሪ ቪዛ የሚጠየቅበትን ዲኤስ-160 የተባለውን የኢንተርኔት ፎርም የሚሞሉ ወገኖቻችን የሚጨነቁት ይህን የሚነግራቸው ስለሚያጡ ነው።

በብዛት የሚሳሳተው የልደት ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን 1980 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ነው፤ የ1979 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረችና። ብዙዎች ግን በልማድ 11 ብለው ይሞላሉ። ፎርሙ መከተል ያለበት ፓስፖርቱን ነው። ፓስፖርቱ ራሱ ከተሳሳተ መጀመሪያ እሱ ይታረም። የስም አጻጻፍም እንዲሁ፣ ፊደል በፊደል።

ፎርሙ ገና ካልተላከ ተመልሶ ገብቶ ማረም ይቻላል፤ 20 ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ ግን ይዘጋል፣ ያልተቀመጠውም ይጠፋል። ከተላከ በኋላ የሚሻለው አዲስ መሙላት ነው። ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም፦ የአሮጌው ማመልከቻ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ አምስት ፊደላት፣ የልደት ዓመትና የምስጢር ጥያቄው መልስ ሲገባ የቀድሞው መረጃ ወደ አዲሱ ይገለበጣል። የተሳሳተችውን ብቻ አርሞ፣ ፈርሞ መላክ ነው። ለዚህ ክፍያ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው የሚዘነጋው። አዲሱ ፎርም አዲስ ቁጥር ስላለው፣ ቀጠሮው የተያዘበት አካውንት ላይም ያው ቁጥር መተካት አለበት። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ ከኤምባሲ በር ሊመልሱ ይችላሉ። የአሮጌውንም የአዲሱንም ፎርም የማረጋገጫ ገጾች አትሞ መያዝ ጥሩ ነው።

ስህተቱ የታየው በቃለ መጠይቁ ዕለት ከሆነ፣ ሳይጠየቁ ቀድሞ ለቆንስሉ መናገር ይገባል። በሕጉ ዕድሜ ልክ የሚያስከለክለው አውቆ በዋና ጉዳይ ላይ መዋሸት ነው፤ የእጅ ስህተት ከዚያ አይቆጠርም። ዝም ብሎ ማለፍ ግን ለጥርጣሬ ይዳርጋል።

በጣም የሚያሳዝነው በገንዘብ ፎርም የሚሞሉ ሰዎች ነገር ነው። የራሳቸውን ኢሜይልና የምስጢር መልስ አስገብተው ይልኩና ባለጉዳዩ የገዛ ማመልከቻውን መክፈት ያቅተዋል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ቁጥሩን፣ ጥያቄውንና መልሱን በወረቀት ተቀበሉ። ፎርሙ መጨረሻ ላይ «ሲሞሉ የረዳዎት ሰው አለ?» ለሚለውም፣ የሞላው ውጭ ያለ ልጅ ቢሆን እንኳ፣ «አዎ» ተብሎ ስሙ ይጻፍ።