ሲስተሙ አለ፣ ባትሪው ነው የሞተው!

«ሲስተም የለም» ሲባል ስሰማ ያመኛል። ሦስት ወር ሙሉ የምሠራበት ቤት ደንበኛው እየተሰለፈ ዋለ። አንድ ደረሰኝ ለማስገባት ደቂቃ ይፈጃል። ደንበኛው ካሸሯ ላይ ይጮሃል፣ ካሸሯ እኔ ላይ።

«ራም ጨምር» አሉኝ፣ ተጨመረ። «ኢንዴክስ (ዳታ ቶሎ ማግኛ ማውጫ) ይጎድላል» ተባለ፣ ተሠራ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ሲፒዩው ከ10 በመቶ ስለማያልፍ «ሰርቨሩ ጤነኛ ነው» ብለው ደመደሙ። ኧረ በፈጠራችሁ! ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ሲስተሙ ከተንቀራፈፈ እኮ አንድ የሚጠብቀው ነገር አለ። ዲስኩን ለካ ማንም አላየውም!

አይኦስታት የሚባለውን የዲስክ ሥራ መለኪያ ከፍቼ አየሁ። ዲስኩ መቶ በመቶ በሥራ ተይዟል። እያንዳንዷ ጽሕፈት ከ60 ሚሊ ሰከንድ በላይ ወረፋ ትጠብቃለች።

ዳታቤዝ ኮሚት ሲያደርግ፣ ማለትም አንድን መዝገብ ሲያጸድቅ፣ «ዲስክ ላይ ሰፍሯል» የሚል ማረጋገጫ እስኪያገኝ አይንቀሳቀስም። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ደግሞ አንዱን ዙር ለመጨረስ ብቻ 8 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል። እዚህም እዚያም የተበታተነ ሥራ ከሆነ በሰከንድ 100 ቢሠራ ነው። በዚያ ላይ የኛ ሬይድ 5 ነው፤ ዲስኮችን አጣምሮ አንዱ ቢሞት ዳታውን የሚያተርፍ አሠራር። አንዲት ትንሽ ጽሕፈት አራት ሥራ ትሆናለች፤ የድሮውን ዳታና ፓሪቲ (የጠፋ ዳታ መመለሻ ስሌት) ማንበብ፣ ከዚያ ሁለቱንም መልሶ መጻፍ።

ይህን ሁሉ ጉድ ሸፍኖልን የኖረው ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድ ኬሽ ነበር፤ ጽሕፈቱን ቶሎ ተቀብሎ ቆይቶ ወደ ዲስክ የሚያወርድ ፈጣን ሜሞሪ። መብራት ሲጠፋ ኬሹን የሚያቆየው አንድ ትንሽ ባትሪ ነው። እሱ ሲሞት ካርዱ በኬሹ መጻፍ ያቆማል፣ ሁሉንም ቀጥታ ወደ ዲስክ ይልካል። የካርዱን ሎግ ከፈትኩ። ባትሪው የሞተው ሰልፉ የጀመረ ሳምንት ነው! ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ተጽፎ ተቀምጧል።

ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ባትሪው እስኪገዛ ኬሹን በግድ ክፈተው።» በዚህ መብራት? ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዩፒኤሱ አምስት ደቂቃ አይቆይም! ኬሹ ውስጥ ያለው እኮ የሰው ክፍያ ነው። ከፍሎ የሄደ ሰው ነገ «አልከፈልክም» ሊባል ነው። እምቢ አልኩ። በዚህም ተኮረፍኩ።

ባትሪው በግዢ ሂደት ሌላ አራት ሳምንት ፈጀ። በገባ በማግስቱ ሰልፉ የለም። ሬይድ 10 (ያለ ፓሪቲ ዳታውን ሁለት ዲስክ ላይ የሚገለብጥ) እና መብራት ሲጠፋ ዳታ የማይጥል ኤስኤስዲ (የማይዞር ፈጣን ዲስክ) ይገዛ ብዬ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። «አሁን ፈጥኗል አይደል?» ነው ያሉኝ።