«እህት፣ ትንሽ ዞር በይልኝ፤ ጋሻው አልታየኝም»

ይህችን ነገር ባለፈው ቅዳሜ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አትጠይቁኝ። መቁጠር ያቆምኩት ገና ከምሳ በፊት ነው።

ላስረዳችሁ። እዚሁ ደሴ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ግቢ ውስጥ፣ በበዓልና በአንዳንድ ቅዳሜ የድሮ ሰው ልብስ ለብሰን የዓድዋ ዘማች ሰፈር እንሠራለን። በጎ ፈቃደኞች ነን። ድንኳን አለ፣ ጋሻና ጦር አለ፣ የወሎው ገዥ ራስ ሚካኤል አሉ፣ መኳንንቱ አሉ። እኔ ስንቅ አዘጋጅ ነኝ። ጠዋት በዚያ ከጦሳ ተራራ በሚወርድ ብርድ ወፍጮ ላይ ተንበርክኬ ለበሶ የሚሆን ገብስ እፈጫለሁ። ድንጋዩ የእውነት ነው። ጉልበቱም የእኔ የእውነት ጉልበት ነው።

ቦታውን ራሴ ነኝ የመረጥኩት። አስቤበት ነው። የምኒልክ የክተት አዋጅ «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ይል የለ? ወረኢሉ እኮ እዚሁ ወሎ ነው። ሠራዊቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት 1888 በእግሩ ተጉዞ ዓድዋ ደረሰ። 100,000 ገደማ ሰው ነበር ይባላል። ያ ሁሉ ሰው ምን በላ? ያውም ከ1880 እስከ 1884 ከነበረው ክፉ ቀን ማግሥት። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ፣ አገሩ ገና ቀና ሳይል ነው ዘመቻው የመጣው። ዓድዋ ላይ ደግሞ ምኒልክም የጣሊያኑ ጄኔራልም ስንቃቸው ተመናምኖ፣ ማን ቀድሞ ይነቃነቃል እየተባባሉ ነው የተፋጠጡት። እንግዲህ ይህንን ላወራ ነበር ምኞቴ። የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ እንጂ።

የምጠየቀውን ልንገራችሁ። «ሽንት ቤት በየት ነው?» «በሶው ይሸጣል? ኪሎው ስንት ነው?» አንዱ አባወራ ደግሞ ልጆቹን ይዞ መጣና ቆም ብሎ አየኝ። ደስ አለኝ፤ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ። 10 ብር ወፍጮው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ «አይዞሽ» ብሎኝ ሄደ። ለማኝ መስየው! ምን ልበለው? 1888 ላይ ተንበርክኬ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ዲግሪ አለኝ» አልል ነገር። ማታ ወደ ሰፈሬ ወደ ሰኞ ገበያ ስመለስ ለባጃጅ ጨምሬባት ከፈልኳት።

ሰልፉ ያለው ራስ ሚካኤል ጋ ነው። እሳቸውን ሆኖ የሚሠራው ልጅ ቁመናው ያምራል፣ አልዋሽም። ካባው ግን ከሰርግ ልብስ አከራይ ነው የመጣው። እሁድ ሙሽራ ስለሚጠብቀው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ መውለቅ አለበት። አንድ ቀን ጎብኚ ሳይወጣ ራስ ሚካኤል በቲሸርት ቀሩ። እሱንስ ሳቅን አለፍነው። እኔን የሚያበግነኝ ዘውዱ ነው። በዓድዋ ጊዜ እኮ ሰውዬው ራስ ናቸው! የነገሡት በ1906 ነው፤ ከ18 ዓመት በኋላ። ይህንን ለአስተባባሪያችን ነገርኩት።

«ዘውድ ካላደረገ ሰው ንጉሥ መሆኑን በምን ያውቃል?» አለኝ።

«ንጉሥ አልነበሩማ!»

«አብሽሪ» ብሎኝ ሄደ። ደሴ ላይ ክርክር «አብሽር» ከደረሰ አለቀ በቃ።

ለእኔ ደግሞ ጥለቱ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቀሚስ ልበሺ ተባልኩ። ለፎቶ። ወራት የተጓዘች ሴት በሚያብለጨልጭ ጥለት ገብስ ስትፈጭ ይታያችሁ። እምቢ አልኩ። የምለብሰው ከአያቴ ሣጥን ያወጣሁትን የተጣፈ ቀሚስና መቀነቷን ነው። ቅጣቱን አገኘሁ። ከለጠፉት 40 ፎቶ አንዱ ላይ ብቻ አለሁ። እሱም ክርኔ ነው።

ሥራው ቀላል ቢሆን ባልከፋ። ገብሱ ይቆላል፣ ይከካል፣ ከዚያ ነው ወደ መፍጨቱ የሚገባው። መጁን፣ የላይኛውን ድንጋይ፣ በሁለት እጅ ይዤ ስገፋ ገብሱ ይሸሸኛል፣ በጎን በጎን ይፈሳል፣ እሱን ለቅሜ እመልሳለሁ። አንዴ ተፈጭቶም አይበቃም፤ በሶ ካልላመ ጉሮሮ ይይዛል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጭቼ አንዲት ጣሳ አልሞላሁም። የእጄ መዳፍ ውሃ ቋጥሯል። የወሎ ፈረሰኛ ዓድዋ ላይ ስለ ጋለበው ጋለባ ሁሉም ያወራል። ጠዋት ምን ቀምሶ ወጣ የሚል ግን አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

እዚሁ ከተማችን ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ደሃ ሀብታም ሳይለይ ስለሚበላበት ነው ይባላል። በዚህ ከተማ ነው እንግዲህ ስንቅ አዘጋጇ ለጋሻ ቦታ ልቀቂ የምትባለው።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ምን እየሠራሽ ነው ልጄ?»

«የድሮ ስንቅ አዘገጃጀት እያሳየሁ ነው፣ እማማ።»

«ለማን?»

ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

«ስንት ይከፍሉሻል?»

«በነጻ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እኔ የኤሌክትሪክ ወፍጮ የመጣ ቀን እልል ብያለሁ። አንቺ ዲግሪ ይዘሽ ተመልሰሽ ገባሽበት?» ኧረ ምን ይመለሳል! ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ አሉና መጁን ተቀበሉኝ። «በክንድሽ አይደለም፣ በወገብሽ ነው የሚገፋ» ብለው ሦስት አራቴ ሄድ መለስ አደረጉት። ዱቄቱ ልም ብሎ ወረደ። እኔ ሦስት ወር ለፍቼ ያላየሁት ዱቄት። ስለ ገብሱ አቆላል ሊነግሩኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ወደ ላይ እንደያዘ መጣ።

«እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ...»

ለሚቀጥለው በዓል ምዝገባ ተጀምሯል። ለራስ ሚካኤል ዘጠኝ ሰው ተመዝግቧል። ወፍጮው ላይ ያለሁት አሁንም እኔ ብቻ ነኝ። ስንቅ የሚጭን አህያ ነጂም እንፈልጋለን፣ እስካሁን የመጣ የለም። አህያዋ ግን ተገኝታለች።