ኤልዛቤትን ስንቴ ዳሯት

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ከተማ ከአበሻ ወዳጆቼ ጋር ስለ ፊልም ስናወራ ሁሌ የምሟገትለት አንድ ፊልም አለ፦ ጆ ራይት በ2005 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከእንግሊዛዊቷ ደራሲ ከጄን ኦስተን ልብ ወለድ «ፕራይድ ኤንድ ፕሪጁዲስ» የሠራው። መጽሐፉ የታተመው በ1813 ቢሆንም ታሪኩ ለእኛ ሰው ባዕድ አይደለም። ወንድ ልጅ ያልወለደ አባት አለ፤ ርስቱ ለወንድ ዘመድ ስለሚያልፍ እናትየዋ አምስት ሴት ልጆቿን ለመዳር እንቅልፍ አጥታለች። በመሀል ኩሩው ባለጸጋ ዳርሲና ለማንም የማትመለሰው ኤልዛቤት ይገጥማሉ። ይህን የማታውቅ የአገሬ እናት የለችም።

ከፊልሙ ሁሉ የምወደው መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ዳርሲ ኤልዛቤትን እጇን ይዞ ሠረገላው ላይ ያሳፍራታል፤ አንዲት ቃል አይወጣውም። ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ካሜራው እጁ ላይ ይቀራል፤ የነካት እጁ ጣቶች ተዘርግተው ይወጠራሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። መጽሐፉ በብዙ ገጽ የሚነግረንን ጭንቀት በዚያች እጅ አየሁት። መተያየት እንኳ በድብቅ በሆነበት አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ዳርሲ መጀመሪያ «አግቢኝ» የሚላት መጽሐፉ ላይ ቤት ውስጥ ነው፤ ፊልሙ ዝናብ ላይ አወጣቸው። ይሁን፣ ያምራል። ያልተዋጠልኝ ደብዳቤው ነው። ኤልዛቤት እምቢ ካለችው በኋላ ዳርሲ ረጅም ደብዳቤ ይጽፍላታል። መጽሐፉ ውስጥ እየተራመደች ደጋግማ ታነበዋለች፤ በስንት ነገር በስህተት እንደፈረደችበት አንድ በአንድ እየገባት ራሷን ትታዘባለች። የልብ ወለዱ እምብርት እዚያ ነው። ፊልሙ ግን ቸኩሎ አለፈው።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ነገር እያነሱ ሲከራከሩ አይታክታቸውም። በ1940 ሆሊውድ ሠራው፤ በ1995 ቢቢሲ ኮሊን ፈርዝን ዳርሲ አድርጎ በተከታታይ አቀረበው፤ ከዚያ ይኼኛው መጣ። «ከፈርዝ ወዲያ ዳርሲ የለም» የሚሉ ዛሬም አሉ። የ2005ቱ ፊልም ራሱ መጨረሻው ሁለት ነው፦ ለእንግሊዝ ተመልካች በአባትየው ሲያበቃ፣ ለአሜሪካውያን የመሳሳም ትዕይንት ተጨመረበት። በዚህም ተጨቃጨቁ። ግን አንዱ ሥራ ሌላውን ከመድረክ አላባረረም። ከከተማችን ብዙም በማይርቀው ቻትስወርዝ፣ የዳርሲ ቤት ሆኖ በተቀረጸው ትልቅ ግቢ ውስጥ፣ ዳርሲን የተጫወተው የማቲው ማክፋድየን ፊት ሐውልት ሆኖ ይታያል። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ አጠገቡ ፎቶ ይነሣል።

ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ወደ እኛው ልብ ወለድ አገር፣ ጎጃም ዲማ ጊዮርጊስ ይሄዳል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በእኛ አቆጣጠር በ1958 ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ባለታሪኳን ሰብለወንጌልን በድምፁ አወቃት። ትልቅ ጸጋ ነው፤ እኔም ያደግሁት በዚያ ድምፅ ነው። ሆኖም ያ ድምፅ ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ የምንመዝንበት ሚዛን ሆነ። ልብ ወለዱ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ሲመጣ ከየአቅጣጫው የሰማሁት «የወጋየሁን አያህልም»፣ «የኔ ሰብለ ይቺ አይደለችም» የሚል ነበር። ከፍቅር የመጣ ቁጣ መሆኑ ይገባኛል። ግን አንድን ሥራ ብቻውን የስልሳ ዓመት ናፍቆት ተሸክሞ ይውጣ ማለት ግፍ ነው። ኤልዛቤትን እንደዚህ ደጋግመው ሲድሯት፣ ሰብለን አንዴ ነክተን ለምን እንደነግጣለን?

እኔ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሰብለ ማየት እፈልጋለሁ። በዛብህ ሰብለን ፊደል ሲያስተምራት ዓይኑን ወዴት እንደሚያሳርፍ የጨነቀውን በአንድ ትንፋሽ ብቻ የሚያሳየን ዳይሬክተር ይምጣ። የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን የሚያስፈራ ብቻ ሳይሆን የሚያሳዝንም አድርጎ የሚጫወት ሰው ይገኝ። ዝናብ ላይም ያውጣቸው፣ ግድ የለኝም። የዳርሲን ደብዳቤ እንዳሳጠሩት የአገሩን ልማድ የሚነቅፈውን የጉዱ ካሳን ንግግር ካሳጠሩብን ግን እኔም ከተቆጪዎቹ ጋር ነኝ።