37ኛው ፋይል ላይ የደረሰው ዘፈን

በግሉ የሚሠራ ሙዚቀኛ ዘፈኑን "አልቋል" ብሎ ለአድማጭ መልቀቅ መልመድ አለበት የሚለው ሐሳብ ልቤን ነካው። አዛዥ የለብኝም ማለት "በቃ" የሚለኝም የለም ማለት ነው። አንድ ዘፈን ሚክስ ሳደርግ፣ ማለትም ድምፄንና መሣሪያዎቹን ሳመጣጥን፣ እያሻሻልኩ በአዲስ ፋይል ሳስቀምጥ 37ኛው ፋይል ላይ ደረስኩ። ድምፄን ግማሽ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ከፍ፣ ግማሽ ዴሲቤል ዝቅ። ይህን ልዩነት አብዛኛው አድማጭ ልብ አይለውም። አንድ ሌሊት 4ኛውን ፋይል ከፍቼ ሰማሁት። ሁለተኛው አዝማች ሊገባ ሲል ትንፋሼ ይሰማል። በኋላ ቆርጬ ያወጣሁት እሱን ነበር፤ ዘፈኑም አብሮት ደርቋል። 4ኛውን እንዳለ ለቀቅኩት።

አሁን አስቀድሜ ቀን እቆርጣለሁ። ማስተሪንጉን፣ ማለትም ከመልቀቁ በፊት ያለውን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ፣ ለሌላ ሰው ጆሮ እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ ፋይሉን አልነካውም። ይከብዳል፣ በተለይ የመጀመሪያው ሳምንት። ግን አዲስ ዜማ የሚመጣልኝ ያኔ ነው።