ክራክ ወይስ ነፃ ሶፍትዌር? ክርክር ከድሬዳዋ

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የድሬዳዋ ተማሪዎች፣ ጽሕፈት ቤቶችና ትንንሽ ነጋዴዎች ያለ ፈቃድ የተጫኑ የንግድ ሶፍትዌሮችን (በተለምዶ ክራክ የሚባሉትን) ትተው ወደ ነፃ ሶፍትዌር መሻገር ይኖርባቸዋል። ነፃ ሶፍትዌር ሲባል ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የተፈቀደ ማለት ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት በሳቢያን ኮምፒውተር የሚያስተምሩ መምህርት ሲሆኑ፣ የሚቃወሙት ደግሞ በከዚራ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤት ያላቸው ነጋዴ ናቸው።

መምህርቷ፦

በዚህ ከተማ ስለ ሶፍትዌር ዋጋ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚከፍል ሰው እምብዛም የለምና። ከታይዋን ገበያ ላፕቶፕ የገዛ ሰው በማግሥቱ ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ ባለሙያው ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ፎቶሾፑንና የሒሳብ መያዣውን ፒችትሪ ከአንድ ፍላሽ ላይ ይጭንለታል፤ ደንበኛውም የእጅ ዋጋ ብቻ ከፍሎ ይወጣል። ስለዚህ ነፃ ሶፍትዌር ገንዘብ ያድናል ብዬ አልከራከርም። የምጠይቀው ከዚያ ፍላሽ ላይ አብሮ የሚገባው ነገር ምን እንደሆነ ነው።

አጫጫኑን አጠገቡ ቆሞ የተመለከተ ሰው ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። ባለሙያው መጀመሪያ የዊንዶውስን መከላከያ ያጠፋል፤ ካላጠፋው አክቲቬተሩን፣ ማለትም ያልተከፈለበትን ሶፍትዌር እንደ ተከፈለበት የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ገና ከፍላሹ ሲገለበጥ ይሰርዝበታል። ቀጥሎ አክቲቬተሩን በአድሚን ፈቃድ ያስነሣዋል፤ ይህም ማን እንደ ሠራው፣ በውስጡም ምን እንደ ተሸሸገ ለማይታወቅ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነው። በመጨረሻም የሠራው እንዳይበላሽበት አፕዴቱን ይዘጋዋል። ደንበኛው ሲረከብ ሁሉም ነገር ይከፈታል፣ ይጻፋል፣ ይታተማል፤ የጎደለው ጥበቃው ብቻ ስለሆነ ጉድለቱን የሚያውቀው ፋይሉ የተቆለፈበት ዕለት ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የሰዎችን ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። በአብዛኛው የተጠቁት ማሻሻያው ያልደረሳቸው ኮምፒውተሮች ናቸው፤ እኛ ደግሞ አፕዴት መዝጋትን የአጫጫን ሥርዓት አድርገነዋል። ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል።

ምትኩ ለማንም እንግዳ አይደለም። ቪኤልሲን የማያውቅ የድሬ ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ የምሕንድስና ተማሪዎች የጀመሩት ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ክራክ የፈለገለትም ሰው የለም። ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ ራሱን የቻለ፣ ደብዳቤውንም፣ ሠንጠረዡንም፣ ማቅረቢያውንም የሚሠራ፣ ሜኑውን ወደ አማርኛ መቀየር የሚቻል ጥቅል ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰውም አሁን መወሰን አለበት፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። በእጃችን ካሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም፤ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ከተባለው ነፃ ሥርዓት ኡቡንቱን ወይም ከእሱ ቀለል ያሉትን ዓይነቶች ቢጭኑ ግን ማሻሻያ እየደረሳቸው ለዓመታት ይሠራሉ።

ነጋዴው፦

እህቴ ስለ አክቲቬተሩ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ አልክድም፤ ከእኔ ቤት ኮምፒውተሮችም በቫይረስ ፋይል የጠፋበት አለ። ነገር ግን እርስዎ የሚያዩት አንድን ኮምፒውተር ብቻውን ነው። እኔ የማየው ፋይሉን ነው፤ ፋይል ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

የጨረታ ሰሞን ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። ተጫራቹ ሰነዱን በፍላሽ ይዞ፣ ሳጥኑ ሊታሸግ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይመጣል። ሰነዱ በወርድ የተሠራ ሲሆን አማርኛው የተጻፈው በናይላ ፎንት ነው። እኔ በሊብሬኦፊስ ብከፍተው ናይላ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሌለ ፕሮግራሙ በራሱ ሌላ የግዕዝ ፎንት ይተካበታል፤ የተተካው ፎንት ሰፋ ያለ ከሆነ መስመሩ ይገፋል፣ በአንድ ገጽ ያለቀው ሠንጠረዥ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፣ የፊርማና የማኅተም ቦታው ብቻውን በባዶ ገጽ ላይ ይቀራል፣ ማውጫው ላይ ያለው ቁጥርም ከገጹ ጋር አይገጥምም። ለላቲኑ ፊደል መፍትሔ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለታይምስ ኒው ሮማን ሊበሬሽን፣ ለካሊብሪ ካርሊቶ የተባሉ በስፋት እኩል የሆኑ ነፃ ፎንቶች ተሠርተዋል። ሊብሬኦፊስ ለናይላ እንዲህ ያለ ምትክ ይዞ አይመጣም። ናይላን ከሌላ ማሽን ገልብጠህ ጫን እንዳይሉኝ ደግሞ ፈቃዱ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፤ ከክራክ ልሽሽ ብዬ ተመልሼ እዚያው ገባሁ ማለት ነው።

የኅትመቱን ነገር ባላነሣው ደስ ይለኝ ነበር። የሠርግ ጥሪና ባነር የሚያሠራ ደንበኛ ዲዛይኑን ከአዲስ አበባ በፎቶሾፕ ፋይል አሠርቶ ያመጣና ‹‹ስሙን ብቻ ቀይርልኝ›› ይላል። በፎቶሾፕ ፈንታ የሚቀርበው ነፃ ፕሮግራም ጂምፕ ፋይሉን ይከፍተዋል፤ ጽሑፉን ግን ብዙ ጊዜ እንደ ሥዕል አድርጎ ስለሚያመጣው ስሙን ለመቀየር እንደ አዲስ መጻፍ ያስፈልጋል። ለማተሚያ የሚሆነውን የአራት ቀለም አሠራርም እንደ ፎቶሾፕ አሟልቶ አልያዘም። በእኔ ሥራ መለኪያ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ወደ ሥራ ፈላጊው ልምጣ። ሴጅ የተባለው ኩባንያ የፒችትሪን ስም ወደ ሴጅ 50 ከለወጠ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በእኛ አገር የሥራ ማስታወቂያ ላይ ግን አሁንም ‹‹ፒችትሪ የሚችል›› እየተባለ ይጻፋል። እርስዎ ልጆቹን ግኑካሽ የተባለውን ነፃ የሒሳብ መያዣ አስተምረው ቢያስመርቁ ቀጣሪው በፈተና ቀን የሚያስቀምጣቸው ፒችትሪ ፊት ነው።

ገንዘብ ያላቸውም ሞክረውታል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ 15,000 ገደማ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ ካዞረች በኋላ ምክር ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። የራሷ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ያሏት ከተማ ያልዘለቀችበትን መንገድ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ትዝለቀው ማለት ትንሽ ይከብዳል።

መምህርቷ፦

በሙኒክ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ጋሼ የተናገሩት ውሳኔ ትክክል ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የተባለው የዚያው የጀርመን ክፍለ ግዛት 30,000 ያህል የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብሬኦፊስ ለማዞር ወስኗል። ጀርመኖች ከጀርመኖች ጋር ይከራከሩ።

የናይላው ጉዳይ ግን ከባድ ነውና በደንብ ልመልስ። የገጹ መገፋት የሊብሬኦፊስ ጥፋት ይመስላል፤ በሁለት ዊንዶውሶች መካከልም ይከሰታል። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ናይላ በአማራጭነት የሚጨመር ፎንት ስለሆነ አማርኛ ቋንቋ ያልተጨመረበት አዲስ ዊንዶውስ ናይላ የለውም፤ ያንኑ ሰነድ ኤብሪማ በተባለ ሌላ ፎንት ይከፍተዋል፤ ያኔም መስመሩ ይገፋል። ከዚህ የባሰውን ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደላት ኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቢሮው ሲሠራባቸው የቆዩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው። በእነዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ውጥንቅጥ ይሆናል። ውሎች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ የተማሪ ውጤቶች በዚህ ዓይነት ፎንት ተጽፈው በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠዋል፤ ፎንቱ ሲጠፋ ሰነዱም አብሮ ይጠፋል። ይህን ያመጣው ነፃ ሶፍትዌር አይደለም፤ ጽሑፋችንን በአንድ ሻጭ ፎንት ላይ የማንጠልጠል ልማድ ነው።

አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት የግዕዝ ፎንቶች በነፃ ፈቃድ የሚሰጡ ናቸው፤ በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ላይ ያለ ማንም ፈቃድ ይጫናሉ፤ ለሚያካፍላቸውም ሰው ክልክል አይደሉም። ኪማን የተባለው መጻፊያም ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው፤ ለአማርኛ ሆነ ለሌሎች ቋንቋዎቻችን የፊደል ገበታ ለማዘጋጀት የሚከለክል የለም፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ጎዳና ለሚነገሩባት ድሬና ሐረሪ ለሚነገርባት ጎረቤታችን ሐረር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለጨረታውም ሰነዱ ወደ እርስዎ ሲመጣ ተጫራቹ ፒዲኤፍ አድርጎት ቢሆን ኖሮ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ያው ይሆን ነበር።

ስለ ኅትመቱ ጋሼ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ባነር የሚሠራ ቤት ነገ ፎቶሾፕን ይጣል አልልም። ይሁን እንጂ አዶቤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዳዲስ ሥሪቶቹን ወደ ኪራይ አዙሯል፤ ኪራዩ ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ሕጋዊ መሆን የሚፈልግ የኅትመት ባለሙያ የወር ኪራዩ በማያዝበት ነገር እየዘለለ የሚሄድ ተከራይ ሆኗል። እኔ የምከራከረው ለእርስዎ ቤት ሳይሆን ለሌሎቹ ነው፤ ማመልከቻ ለሚጽፈው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጀው፣ የሱቁን ወጪና ገቢ በሠንጠረዥ ለሚይዘው።

ነጋዴው፦

እህቴ፣ ‹‹ለሌሎቹ›› የሚሏቸው ሰዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚመጡት ወደ እኔ ነው፤ ቤቱ ፕሪንተር ያለው ተማሪ ስንት ነው? የመመረቂያ ጽሑፉን በሊብሬኦፊስ ሠርቶ ይመጣል፤ አማካሪው በወርድ ከፍቶ በኅዳጉ ላይ አስተያየት ይጽፍበታል፤ ተማሪው ተመልሶ ሲከፍተው ቁጥር የተሰጣቸው ርእሶች ተዘበራርቀዋል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው እኔ ነኝ፤ የማስተካከልበትንም ሰዓት ማንም አይከፍለኝም። ሊኑክስ ሲበላሽ ደግሞ በዚህ ከተማ ፎርማት የሚያደርግ እንጂ የሚጠግን ብዙ አላገኘሁም።

ዳታውንም አይርሱት። ማሻሻያ የሚወርደው በኢንተርኔት ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የሙከራ አገልግሎቱን ሲጀምር የመጀመሪያዋ ከተማ ድሬዳዋ ነበረች፤ ምርጫው ሰፍቶልናል ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ጥቅል በሜጋባይት የሚገዛ ተማሪ ብዙ መቶ ሜጋባይት የሚሆነውን ሊብሬኦፊስን አውርድ ሲሉት ያኛው በፍላሽ የሚያገኘው ክራክ አጠገቡ አለ።

መምህርቷ፦

ፍላሽ ነፃ ሶፍትዌርንም ይይዛል፤ ልዩነቱ ሊብሬኦፊስን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መገልበጥ የተፈቀደ መሆኑ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደው ለመላው ክፍል ይበቃል። እርስዎ ራስዎ በቤትዎ አንድ ፍላሽ ላይ ሊብሬኦፊሱን፣ ሁለቱን የግዕዝ ፎንቶች፣ ኪማንና ቪኤልሲን አድርገው ለሚጠይቅ ደንበኛ በእጅ ዋጋ ቢጭኑ ማንም አይከስዎትም፤ ገቢዎም አይቀንስም። ሊኑክሱን ለጊዜው እንተወው፤ ዊንዶውስ 11 ለማይቀበላቸው አሮጌ ማሽኖች ብቻ ይሁን።

ነጋዴው፦

ፎንቶቹን በሁሉም ማሽኖቼ ላይ እጭናለሁ፤ ጉዳት የላቸውም። ሊብሬኦፊሱንም ከኦፊስ ጎን አስቀምጣለሁ። ኦፊስን ግን አላነሣም፤ ቢሮዎች ፎርማቸውን በወርድና በናይላ እየላኩ፣ ያንኑ መልሰህ ላክ እያሉ እኔ ቀድሜ ብለወጥ የምጎዳው እኔ ብቻ ነኝ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቶቹ ለሕዝብ የሚበትኑትን ፎርም በፒዲኤፍና በነፃ ፎንት ያውጡ፤ ያን ጊዜ ይጠይቁኝ። ፒችትሪውንስ ምን ሊያደርጉት ነው?

መምህርቷ፦

የሒሳብ አያያዙን በግኑካሽ አስተምራለሁ፤ ዴቢቱና ክሬዲቱ እዚያም ያው ነው። ቀጣሪው ፒችትሪ ካለ በራሱ ፈቃድ በገዛው ፒችትሪ ላይ ጥቂት ቀን ያለማምዳቸው። ልጆቹን አክቲቬተር በተጫነበት የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ፊት አስቀምጬ ስለ ሒሳብ ታማኝነት ላስተምራቸው አልችልም፤ በዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አንስማማም።