የድሬዳዋ ሰዎች፣ ውሾቻችሁን እሰሩ

ማታ ማታ በራችሁን ከፍታችሁ ውሻችሁን ወደ መንገድ የምትለቁ የድሬዳዋ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ውሻው ጠዋት ተመልሶ ከደጃፋችሁ ሲተኛ «የእኔ ውሻ ከብት አይነካም» ትላላችሁ። የት እንዳደረ ማን ነገራችሁ? ለብቻው ጭምት የሆነ ውሻ ከሦስትና ከአራት ጋር ሲገጥም ጠባዩ ሌላ ነው። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከሚሰበሰቡት ውሾች መካከል አንገታቸው ላይ ማሰሪያ ያለባቸውን ሁላችንም እናያለን።

ፍየል በዚህ ከተማ የብዙ እናቶች የባንክ ደብተር ናት። ልጅ ሲታመም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ የምትሸጠው እርሷ ናት። ውሻ የነከሳትን ፍየል ቀርባችሁ አይታችኋል? ከላይ የጥርስ ቀዳዳ ብቻ ይታያል፤ ጠጉሩን ገለጥ ስታደርጉ ግን ከቆዳው ሥር ሥጋው ተበጣጥሷል። በድሬ ሙቀት ዝንብ ወዲያው ይሰፍርበትና ቁስሉ ይተላል። ጥርስ ያልነካት እንኳ፣ ያረገዘች ከሆነች፣ በመባረር ብቻ ልትጨነግፍ ትችላለች።

ታዲያ ባለቤቷ አልቅሳ ደጃችሁ ስትመጣ «ምስክር አለሽ?» ብሎ መመለስ ነውር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦት ቢሆንም እንኳ። «አምልጦኝ ነው» አያድናችሁም። ሽማግሌ ሳይላክባችሁ ክፈሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው የያዛት ላም ለሃጯ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅታታል፤ ባለቤቷ አጥንት ያነቃት መስሎት እጁን አፏ ውስጥ ይከታል። በዚያ ምራቅ በሽታው ወደ እርሱ ሊሻገር ይችላል፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም። ስለዚህ ውሾቻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸሎቱም ዱዓውም ከክትባቱ ጋር ይሁን።

በአረፋም በፋሲካም ካረዳችሁት በግ ጭንቅላቱንና ሳንባውን ለውሻ የምትወረውሩ፣ ተዉ። ውሻው ከጭንቅላቱ ውስጥ የሚያገኘው የኮሶ ትል እጭ በሆዱ አድጎ፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። በጎችን አንገታቸውን አጣሞ በአንድ ቦታ የሚያሽከረክራቸው አዙሪት የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

እናንተም ከብት ያላችሁ፣ በንዴት ሥጋ መርዛችሁ አትጣሉ። መርዝ ጥፋተኛውን ለይቶ አይገድልም፤ ግቢ የሚጠብቀውን ውሻ፣ ጥንብ አንሣውን፣ ጅቡን ይፈጃል። ጎረቤታችን ሐረር ጅብን በእጁ የሚያጎርስ ሕዝብ አገር ነው፤ እኛ መርዝ ስንበትን ማየት ያሳፍራል። መንገድ ላይ የሚጫወት ሕፃንም ያነሣዋል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ከቤት ያልበላ ውሻ ለማን ብሎ ይጠብቃል? አብሉት፣ ውሃ አስቀምጡለት፤ ማታ በረዥም ሰንሰለት ከግቢ ውስጥ እሰሩት። አጥራችሁ ቀዳዳ ካለው ዛሬውኑ ድፈኑት። ለማሰርም ለመመገብም አቅም የሌለው ሰው፣ ቡችላ በነጻ ቢሰጡት እንኳ አይቀበል።